«የምግብ ዘይት ሞተር ይገድላል» ላለው ጽሑፍ፦ የትኛው ዘይት? የትኛው ሞተር?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከረመ። ያላነበባችሁት ካላችሁ ባጭሩ እንዲህ ይላል። በአሮጌ የናፍጣ መኪና የምግብ ዘይት ማቃጠል እብደት ነው። ዘይት በሞተር ውስጥ በደንብ አይቃጠልም። ወፍራም ስለሆነ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን አፍንጫ) ይደፍናል፣ ፖምፓ (ነዳጅ ገፊውን) ይሰብራል። የሞተሩን ዘይት ሙጫ ያደርገዋል። ሕዝቡ የሚበላው ዘይት በተወደደበት ጊዜ መኪና ማጠጣት ነውር ነው። ነገሩም የፈረንጅ መዝናኛ ነው እንጂ ለእኛ አይሆንም። ይሄን ሁሉ ካለ በኋላ መጨረሻ ላይ «ከተክል ነዳጅ ካስፈለገ በሐረርጌ ቆላ ጉሎ እንትከል» ብሎ ይዘጋል። ማስረጃው ደግሞ እዚሁ እኛው ከተማ፣ ድሬዳዋ፣ ሞተሩ የተበላሸ አንድ ሃይሉክስ ነው።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። የምነዳት አሮጌ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ናት። ሞተሯ 2ኤች የሚባለው ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4 ሊትር፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያመርተው የነበረው። ከሳንቡሳ ጠባሾች የተሰበሰበ ያገለገለ ዘይት እያቃጠለች ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ትወጣለች። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። ጽሑፉ ውስጥ እውነት አለ፣ ግማሽ እውነት አለ፣ ዝም ብሎ የተወረወረም አለ፤ ሁሉም ተደባልቆ ስለቀረበ ነው መልስ መጻፍ ያስፈለገኝ።

ከማስረጃው ልጀምር። ጽሑፉ የቆመው በሱ ላይ ነውና።

የተበላሸው መኪና ዲ-ፎር-ዲ ሃይሉክስ ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ጸሐፊው ራሱ ነው የጻፈው። አቦ! ስለ አሮጌ ናፍጣ መኪና የሚያወራ ሰው እንዴት ዲ-ፎር-ዲን ምስክር ይጠራል? ዲ-ፎር-ዲ ኮመን ሬል ነው። ነዳጁን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ፣ በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ ቀዳዳዎች የሚረጭ ሞተር ነው። የእኔዋ 2ኤች ኢንጀክተር የሚከፈተው ከ100 እስከ 150 ባር ባለው ግፊት ነው፤ የሚታዘዘውም በብረት እንጂ በኮምፒውተር አይደለም። እነዚህን ሁለቱን «ናፍጣ መኪና» ብሎ አንድ ላይ መጨፍለቅ አይቻልም።

ደግሞ ምን እንደተደረገ አንብቡ። ናፍጣ ጠፋ፣ ሰልፉ ረዘመ። ባለቤቱ ከሱቅ ባለ 5 ሊትር ዘይት ገዝቶ ታንከሩ ውስጥ ገለበጠ። ሐረር ወጣ። እዚያው አደረ። ጠዋት አልነሳ አለው፣ አስገፍቶ አስነሳው፣ ከዚያ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ማሞቂያ የለም፣ ሁለተኛ ታንከር የለም፣ ምንም የለም። ይሄ «ቀዝቃዛ ዘይት ኮመን ሬል ሞተር ይገድላል» ለሚል ሰው ጥሩ ማስረጃ ነው። እሱንማ እኔም እፈርማለሁ። ኮመን ሬል መኪና ያላችሁ ይሄን ጽሑፍ እዚህ ላይ ትታችሁ ናፍጣችሁን ቅዱ።

አሁን ወደ ነጥቦቹ።

«ዘይት በደንብ አይቃጠልም፤ ክብሪት ብትጥልበት እንኳ ይጠፋል» ይላል። ክብሪቱ እውነት ነው። ግን ናፍጣም በብርዱ ክብሪት ቢጣልበት ቶሎ አይያያዝም። ናፍጣ በእሳት ሊያያዝ የሚችል ተን መስጠት የሚጀምረው ከ55 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው፤ የምግብ ዘይት ደግሞ ከ220 በላይ። የናፍጣ ሞተር ግን ክብሪትም የእሳት ብልጭታም አይፈልግም። አየሩን ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀው አየር ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ነዳጁ እንደ ጉም ሆኖ እዚያ ላይ ይረጫል፣ በራሱ ይነዳል። በዚያ ሙቀት ዘይት የማይቃጠልበት ምክንያት የለም። እንዲያውም ጄሪካን ሙሉ ዘይት ጓዳ ማስቀመጥ ጄሪካን ሙሉ ቤንዚን ከማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚሻል እኛ የድሬ ሰዎች፣ በጥቁር ገበያ ነዳጅ ዘመን የኖርን፣ መንገር አያስፈልገንም።

ነገሩም አዲስ አይደለም። ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን በደንብ አስነስቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በ1900 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ኦቶ የተባለው ኩባንያ አንድ ትንሽ የናፍጣ ሞተር በለውዝ ዘይት አሠርቶ አሳይቷል። የጠየቀው የፈረንሳይ መንግሥት ነበር፤ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ለውዝ እንደ ልብ ስለሚበቅል እዚያው ነዳጅ ቢሆን ብሎ። ዲዝል ራሱ በ1912 ሲያስታውሰው ሞተሩ ያለ እንከን ስለሠራ በለውዝ ዘይት እንደሚሄድ ያወቀው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር ብሏል። እዚህ ላይ የእኔ ወገን የሆኑትም ያጋንናሉ። «ዲዝል ሞተሩን የሠራው ለለውዝ ዘይት ብሎ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ቢሆንም «አይቃጠልም» የሚለው ነገር ከመቶ ዓመት በፊት የተዘጋ ጉዳይ ነው።

ጸሐፊው ቢያነሳው ኖሮ የማልከራከረው ነገር ጉልበት ነበር። ዘይት በሊትር ሲሰላ ከናፍጣ ከ5 እስከ 8 በመቶ ያነሰ ኃይል ይሰጣል። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ደንገጎ ላይ፣ ጭነት ካለ፣ አንድ ማርሽ ቀድማችሁ ትቀንሳላችሁ።

እሺ፣ ውፍረቱ። ይሄኛው የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። በ40 ዲግሪ ሲለካ ናፍጣ ከ2 እስከ 4.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው) የሚሆን ውፍረት አለው። የምግብ ዘይት ከ30 እስከ 40 ነው። አስር እጥፍ ማለት ነው። ለናፍጣ የተሠራን ኢንጀክተር ይሄንን ቀዝቃዛ ዘይት እርጭ ማለት ማርን በገለባ ምጠጥ እንደማለት ነው። ጉም መሆኑ ቀርቶ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ነጠብጣቡ ሳይቃጠል ይቀራል፣ የቀረው የኢንጀክተሩ ጫፍና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ላይ ከሰል ሆኖ ይጋገራል። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ነው።

ያልተናገረው ይሄ ነው፦ ያው ዘይት 80 ዲግሪ ሲሞቅ ውፍረቱ ወደ 10 አካባቢ ይወርዳል። ናፍጣ አይሆንም፣ ግን አሮጌ ሞተር የሚችለው ይሆናል። ታዲያ 80 ዲግሪ ከየት ይመጣል? ከራዲያተሩ ውኃ ነዋ። የሞቀ ሞተር ውኃ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ነው፤ በነፃ የሚባክን ሙቀት። ውኃውን በሁለተኛ ታንከርና በፊልትሮ ዙሪያ በቱቦ ማዞር ነው ሥራው። መኪናው ጠዋት በናፍጣ ይነሳል። ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ዘይት ይቀየራል። ከመቆሙ ጥቂት ደቂቃ በፊት ወደ ናፍጣ ይመለሳል፤ መስመሩ ውስጥ ዘይት እንዳያድር። ዓለም ላይ ይሄንን የሚሠሩ ብዙ ሰዎች በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት፣ ጽሑፉ ግን ስለ ሁለት ታንከር አንድ መስመር የለውም። አንድ ምክር በመሃል፦ ለማሞቂያው የመዳብ ቱቦ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ እምቢ በሉ። መዳብ ዘይት ቶሎ እንዲረጋና እንዲጣበቅ ያደርጋል። ብረት ይሻላል።

«የድሬ ሙቀት ይበቃል» የሚል አስተያየትም ሰምቻለሁ። አይበቃም። የሚረጋ ዘይት የምንለውን የፓልም ዘይት እዩት። ቀፊራ ገበያ ቀትር ላይ ቢጫው ጄሪካን ውስጥ ወለል ብሎ ይታያል፣ ስታንቀሳቅሱት ይፈስሳል። ያንኑ ጄሪካን ሐረር ወስዳችሁ አሳድሩት። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ጠዋት ጄሪካኑን ስትገለብጡት ምንም አይወርድም፤ ነጭ ነገር ከታች እስከ ላይ ይዞታል፣ በማንኪያ ነው የሚዛቀው። የፓልም ዘይት 35 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ ሙሉ በሙሉ አይፈታም። የዚያ ሃይሉክስ ነዳጅ መስመርም ያን ሌሊት ይሄንን መስሎ አድሮ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ሱቅ ያለው ርካሽ ዘይት በአብዛኛው የፓልም ስለሆነ።

ፖምፓ። ጸሐፊው «ፖምፓ ይሰብራል» ብሎ አልፎታል። የቱ ፖምፓ? እንደኔ እምነት ሙሉ ክርክሩ እዚህ ጋ ነው ያለው።

የአሮጌ ናፍጣ ፖምፓ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በመስመር የተደረደረው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ መግፊያ አለው፣ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ከባድ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ካምሻፍት የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ነው። 2ኤች ላይ ያለው ይሄ ነው። የድሮ መርሴዲሶችና የድሮ ከባድ መኪኖች ላይም ብዙውን ጊዜ ይሄው ነው። ሞቅ ያለ ዘይት ስጡት፣ ችግር የለበትም። ሌላው ክቡ ነው፣ አንድ የሚሽከረከር ራስ ለሁሉም ሲሊንደር የሚያከፋፍልበት። ይሄኛው ሙሉ በሙሉ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ነዳጅ ነው። ክፍተቱ በጣም ጠባብ ነው። የእንግሊዝ ላንድሮቨሮች ላይ የምታገኙት ካቭ የተባለው ፖምፓ ከዚህ ወገን ነው፤ ቀዝቃዛ ዘይት ገብቶበት ሞተሪኖ ሲመታ የሚሽከረከረው ራስ ይነክሳል፣ ዘንጉ ይቆረጣል። ይሄ ወሬ አይደለም። ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ አንድ አባት አሉ፣ ሳቢያን በኩል፣ ፖምፓ ብቻ የሚሠሩ። ጠረጴዛቸው ላይ እንዲህ የተቆረጠ ዘንግ አላቸው፤ ስብራቱ ንጹሕ ነው፣ በመጋዝ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ላንድሮቨር ይዞ ዘይት ላቃጥል ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን አንስተው መዳፉ ላይ ያስቀምጡለታል። ከዚያ በኋላ ብዙ ማውራት አያስፈልጋቸውም።

መሃል ላይ ያለው ደግሞ አሮጌ ሃይሉክሶችና የኋለኞቹ ላንድክሩዘሮች ላይ ያለው ክብ ፖምፓ ነው። ከካቩ ይጠነክራል፣ ከተደረደረው ይደክማል። በደንብ ከሞቀ ይሄዳል፤ ማሞቂያው የለብ ለብ ከሆነ ዕድሜው ያጥራል። እኔ ብሆን ሞተሩ ያለፈበትና ፖምፓው ሊታደስ የደረሰ መኪና ካልሆነ አልነካውም።

ከፖምፓው ሌላ የማቃጠያው ክፍል አሠራርም አለ። የእኔ 2ኤች ነዳጁን የምትረጨው መጀመሪያ ትንሽ ጎን ክፍል ውስጥ ነው፤ ክፍሉ ሁልጊዜ ስለሚግል ወፍራም ነዳጅ ይታገሣል። የጫት አይሱዙዎቻችን ግን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ነው የሚረጩት። ሳይቃጠል የቀረው ዘይት የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ለአይሱዙ ጸሐፊው «ተዉት» ካለ እኔም ተዉት እላለሁ። በተለይ ያ መኪና የቤተሰብ እንጀራ ከሆነ።

ይሄ የግድግዳ ነገር ወደሚቀጥለው ነጥብ ያመጣናል፣ የሞተር ዘይት ሙጫ ይሆናል ወደሚለው። እውነት ነው። ከጽሑፉ ሁሉ እውነተኛው ነጥብ ይሄ ነው፣ ግን ለምን እንደሆነ ስላልነገረን ማስፈራሪያ ሆኖ ቀረ። ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣ በፋሻው አምልጦ ወደ ሞተር ዘይቱ ቢወርድ፣ ሞተሩ ሲግል ቀስ እያለ ይተናል። የምግብ ዘይት ግን አይተንም። እዚያው ይከማቻል፣ ከሙቀቱና ከአየሩ ጋር ሆኖ መያያዝ ይጀምራል፣ ከዚያ የሞተሩ ዘይት ይወፍራል። ችላ ከተባለ ጄሊ ይሆናል፣ ዘይት የሚገፋው ፖምፓ መሳብ ያቅተዋል፣ ሞተሩ ሳይለሰልስ ይሽከረከርና ኩሽኔታውን ይበላል።

ታዲያ ይሄ ድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም። የዘይት መለኪያዋን አውጥታችሁ እዩ። የአሮጌ ሞተር ዘይት መቀነስ ነው ያለበት። ከፍ እያለ ከመጣ የምግብ ዘይት እየወረደ ነው። በሁለት ጣት መሃል ይዛችሁ ስትከፍቱት ክር ከሠራ አልፎበታል። መፍትሔው አሰልቺ ነው፦ የዘይት መቀየሪያውን ርቀት በግማሽ መቀነስ። በ5,000 ኪሎ ሜትር የምትቀይሩ ከሆነ በ2,500። ወጪ ነው፣ ግን ሞተር ከማውረድ ይሻላል። ፋሻው ያለቀ፣ ዘይት የሚያጨስ መኪና ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሁሉም የምግብ ዘይት እኩል አይጣበቅም። ተልባ በራሱ ይደርቃል፣ ለዚህ ነው የቀለም ሠሪዎች ዘይት የሆነው። ኑግም ወደዚያው ያዘነብላል። ሱፍም እንዲሁ። ለውዝ ይሻላል። ፓልም ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ይታገሣል። ስለዚህ ሐረር ሌሊት ላይ ድንጋይ የሚሆነው የፓልም ዘይት ሞተር ውስጥ የተሻለ ጸባይ አለው፤ በብርድ የማይረጋው የኑግ ዘይት ሞተር ውስጥ ቶሎ ሙጫ ይሆናል። ምርጡ ዘይት የቱ ነው ለሚሉኝ ሰዎች ይሄን ስነግራቸው ያዝናሉ።

አሁን ወደ ነውሩ። «ሕዝቡ የሚበላው ዘይት ተወዶበት…» የሚለው አንቀጽ ሰው ሁሉ ስሩ «እውነት ነው» ያለበት ነው። እኔም እላለሁ። ከሱቅ አዲስ ዘይት ገዝቶ ማቃጠል ነውር ብቻ ሳይሆን ሒሳብም አይደለም፤ ሱቅ ሄዳችሁ የሊትሩን ዋጋ ጠይቁና ከናፍጣው ጋር አስተያዩ። አዲስ ዘይት የሚያቃጥል ሰው ድሬ ውስጥ ካለ መተዋወቅ እፈልጋለሁ፣ ገንዘብ ያበድረኛል።

ስለ ያገለገለ ዘይት ነው የምናወራው። ሳንቡሳና ባጂያ ተጠብሶበት፣ ተደጋግሞበት፣ ጠቁሮ፣ ከዚያ በላይ ቢጠበስበት በላተኛውን የሚጎዳ ዘይት። ይሄ ዘይት ወዴት ነው የሚሄደው? ጥቂቱ ሳሙና ለሚሠሩ ይሸጣል። ብዙው ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ ቦዩን ይደፍናል፣ ክረምት ሲመጣ ወደ ደጫቱ ወንዝ ይወርዳል። ክፉው ደግሞ እንደገና ለመጥበሻ መመለሱ ነው። ሳሙና ሠሪ ከቀደመኝ አልሻማም፣ ለእነሱ እንጀራ ነው። የቀረውን ከፍዬ እወስዳለሁ። ረመዳን ሲገባ በየደጃፉ ሳንቡሳ ስለሚጠበስ ያኔ ጓዳዬ በጄሪካን ይሞላል፤ በሌላው ጊዜ ብዙውን ናፍጣ ነው የምቀዳው። «ለአገር አይበቃም» ይላል ጸሐፊው። አይበቃም! ለአገር ይበቃል ያለው ማን ነው? ለጥቂት አሮጌ መኪኖች፣ ለዚያውም ለመንገዳቸው ግማሽ ይበቃል።

ያገለገለ ዘይት ላይ ጸሐፊው ያላነሳው፣ ግን ሊያነሳው ይገባ የነበረ ነገር ውኃ ነው። ፖምፓና ኢንጀክተር ከዘይቱ ውፍረት ባልተናነሰ በውኃና በቆሻሻ ነው የሚያልቁት። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ጄሪካኑን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ አልነካውም። ሁለት ሳምንት ቢቆይ ጥሩ ነው። ከላይ ሻይ የመሰለ ጥርት ያለ ዘይት ይወጣል፣ ከሥር ምስርና የሊጥ ፍርፋሪ ይዘቅጣል፣ በመሃላቸው ደፍረስ ያለ ሽፋን አለ፤ ውኃው እሱ ጋ ነው። በቀጭን ጎማ ከላይ እስባለሁ፣ ከሥር አራት ጣት ያህል እተዋለሁ። የተሳበው በ5 ማይክሮን ፊልትሮ ያልፋል። ከዚያ ፈተና አለው። መጥበሻ ግለት እስኪይዝ ይጣዳል፣ ጥቂት ጠብታ ዘይት ይንጠባጠብበታል። ዝም ካለ ደርቋል። ትር ትር ብሎ ከፈነጠቀ ውኃ አለበት፣ እንደገና ይሞቅና ይዝቀጥ። ሽታው የሚኮመጥጥ፣ እንደ ሽሮፕ የወፈረ ጥቁር ዘይት ከሆነ አልወስደውም፤ አሲድ ስለሆነ ብረት ይበላል። የዶሮና የሥጋ ስብ የተቀላቀለበትንም እንዲሁ፣ ሐረር ሳይደርስ ይረጋል።

ይሄን ሁሉ ማድረግ የሚሰለቸው ሰው አለ፣ መብቱ ነው። ዘይት የሚያቃጥል መኪና ይዞ ይሄን የሚሰለች ሰው ግን የሚቀጥለው ሰው ጽሑፍ ውስጥ ማስረጃ ይሆናል።

ሁለት ነገር ቶሎ ልለፍ። ጽሑፉ «ሜታኖል ሊፈነዳ፣ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል» ይላል። ሜታኖል መርዝ ነው፣ ይነዳል፣ እውነት ነው። ግን ሜታኖልና ኮስቲክ ሶዳ የሚገቡት ባዮዲዝል ሲሠራ ነው። ባዮዲዝል ዘይቱ በኬሚካል ተለውጦ፣ ግሊሰሪኑ ወጥቶ፣ ወደ ናፍጣ ውፍረት የተጠጋ ሌላ ነዳጅ ነው። እኛ እዚህ የምናወራው ስለሞቀና ስለተጣራ ዘይት ነው፤ ሜታኖል ጓዳዬ ገብቶ አያውቅም። ጭሱን በተመለከተ ደግሞ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ ጥቁር ጭሱ ይቀንሳል፣ ዘይት ውስጥ ሰልፈር የለም ማለት ይቻላል። ካልሞቀ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። ከኋላዬ የሚመጣው ባጃጅ ሳንቡሳ እንደሚያምረው ነግሮኛል።

«የፈረንጅ መዝናኛ» የሚለው ትንሽ ያናደደኝ ነገር ነው። ጎመን ዘር ታውቃላችሁ አይደል? ምጣድ የሚታሰስበት። ፈረንጆች የኢትዮጵያ ሰናፍጭ ብለው ነው የሚጠሩት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ፋልከን 20 የተባለ ጄት ምንም የፔትሮሊየም ነዳጅ ሳይቀላቀልበት ከዚሁ ተክል ዘይት በተሠራ ነዳጅ አብርሯል። በእርግጥ ያ በፋብሪካ የተጣራ የጄት ነዳጅ ነው፣ ከእኔ ጄሪካን ጋር አይገናኝም። ግን የኛው ምጣድ ማሰሻ ካናዳ ሰማይ ላይ ከበረረ በኋላ «ይሄ ለእኛ አይደለም» ማለት ትንሽ ያሳፍራል።

መጨረሻ፣ ጉሎው።

ጸሐፊው ዘይት ወፍራም ነው፣ ፖምፓ ይሰብራል፣ የሰው ምግብ ይሻማል ብሎ ሲያበቃ በሐረርጌ ቆላ ጉሎ እንትከል ይለናል። አንደኛ፣ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ አንድ የውጭ ኩባንያ ለነዳጅ የሚሆን ጉሎ ሊያለማ ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ፈዲስና አካባቢው ድረስ መጥቶ ነበር። የተመነጠረው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተነካክቶ ትልቅ ውዝግብ አስነሳ፣ የተባለው ነዳጅም ማደያችን ሳይደርስ ቀረ። ማሽላ የሚያበቅል ገበሬ ጉሎ አምርቶ ገዢ ቢጠፋ ምን ይበላል? ፍሬው ሪሲን የሚባል መርዝ አለበት፤ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ፋጉሎ እንኳ መርዙ ካልተነሳ ለከብት አይሰጥም። ስለ ምግብ ነውር ያን ያህል የጻፈ ሰው ይሄን እንዴት ዘለለው?

ሁለተኛ፣ ውፍረቱ። የምግብ ዘይት በ40 ዲግሪ ከ30 እስከ 40 ነው ብያችኋለሁ። የጉሎ ዘይት በዚያው ሙቀት 250 ገደማ ነው። ከተለመዱት የተክል ዘይቶች ሁሉ የወፈረው እሱ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተሮች ማለስለሻም ሆኖ ነበር። ፋብሪካ ገብቶ ባዮዲዝል ቢሆን እንኳ ውፍረቱ ከሌላው ይበልጣል፣ በብዙ ናፍጣ ካልተቀጠነ አያስኬድም። በሳንቡሳ ዘይት ፖምፓ ይሰበራል ብሎ የፈራ ሰው ከስድስት እስከ ስምንት እጥፍ የሚወፍረውን ነው ያመጣልን። ጉሎ ለቆዳ ማለስለሻና ለሳሙና ገበያ ካገኘ ይተከል፣ እኔ ምን ገዶኝ። ታንከሬ ውስጥ ግን አይገባም፣ የሳቢያኑ አባትም ጠረጴዛቸው ላይ ለሌላ የተቆረጠ ዘንግ ቦታ የላቸውም።